ለእንግሊዝ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ጠበቃ የሚከፍሉት ከየት ነው? ደረጃ በደረጃ

«ባለቤቴ ፍርድ ቤት ከሰሰኝ፤ ለሶሊሲተር (ጉዳይ ለሚይዝ ጠበቃ) የምከፍለው የለኝም፤ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣ መልሱን በአንድ ቦታ ጽፈነዋል። መልሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መንግሥት የሚከፍልልዎ መሆኑን ያያሉ፤ ቀጥሎ ጠበቃ የማያስፈልገውን ሥራ ለይተው ራስዎ ይሠራሉ፤ የተረፈውን ብቻ ቆርጠው ይገዛሉ። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ተበድሮ ከከፈለ በኋላ ሊጋል ኤይድ (መንግሥት ለጠበቃ የሚከፍለው እርዳታ) ይገባው እንደነበር ይሰማል። ሊጋል ኤይድ ደግሞ ከመፈቀዱ በፊት ለተሠራ ሥራ በመደበኛው አይከፍልም፤ የወጣው ገንዘብ ወጥቶ ቀረ ማለት ነው።

መመሪያው ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የተጠቀሱት የገንዘብ መጠኖች ስለሚለወጡ፣ ከማመልከትዎ በፊት በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያመሳክሯቸው።

የሚያስፈልጉ ሰነዶች

ማንም ጋር ከመደወልዎ በፊት እነዚህን በአንድ ፎልደር ያሰባስቡ።

- ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ማስረጃ
- የቅርብ 3 ወር የባንክ መግለጫ፣ ያለዎት የባንክ ሒሳብ ሁሉ (የተረሳው የቁጠባ ሒሳብም ጭምር)
- የቅርብ 3 ወር ፔይስሊፕ፤ ቤኔፊት ካለ የዩኒቨርሳል ክሬዲት መግለጫ
- የኪራይ ውል ወይም የሞርጌጅ መግለጫ፣ የልጆች መዋያ ደረሰኝ
- ኢትዮጵያ ላለ ቤተሰብ በየወሩ የሚልኩ ከሆነ የላኩበት ደረሰኝ
- ኢትዮጵያም ሆነ ሌላ አገር በስምዎ ያለ ቤት፣ መሬት ወይም አክሲዮን ሰነድ
- የጋብቻ የምስክር ወረቀት፤ በአማርኛ ብቻ ከሆነ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም
- ከፍርድ ቤት፣ ከካውንስል ወይም ከሌላው ወገን ጠበቃ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ በቀን ቅደም ተከተል
- የነገሩ ሂደት በአንድ ገጽ፦ መቼ ተጋባችሁ፣ መቼ ተለያያችሁ፣ ልጆች መቼ ተወለዱ፣ ቀጠሮው መቼ ነው

የመጨረሻዋ አንድ ገጽ ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን ጠበቃው ታሪኩን በጥያቄ ከእርስዎ ሲያወጣ የሚፈጀው ሰዓት ይከፈልበታል።

ደረጃ 1፦ ጉዳይዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

ማን እንደሚከፍል የሚወስነው በመጀመሪያ የጉዳዩ ዓይነት ነው።

ካውንስሉ በሶሻል ሰርቪስ በኩል ልጅዎን ለመውሰድ ፍርድ ቤት አመልክቶ ከሆነ፣ ወላጅ ገቢው ሳይመዘን ሊጋል ኤይድ ያገኛል። ደመወዝዎ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ቤት ቢኖርዎትም ይገባዎታል። ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ካውንስሉ «ፕሪ ፕሮሲዲንግስ» የሚል ደብዳቤ ልኮ ስብሰባ ከጠራዎትም ነፃ ጠበቃ ይዘው መግባት ይችላሉ። ደብዳቤውን ይዘው በዚያው ቀን ለሶሊሲተር ይደውሉ። ወደ ስብሰባው ብቻቸውን ገብተው ያልገባቸውን ስምምነት የሚፈርሙ ወላጆች ብዙ ናቸው።

ከቤት ውስጥ ጥቃት የሚጠብቅ ትዕዛዝ የሚፈልጉ ከሆነ፣ የሊጋል ኤይድ የገቢና የሀብት ጣሪያ ሊነሳልዎ ይችላል፤ እንደ አቅምዎ መዋጮ ሊጠየቁ ግን ይችላሉ። ማመልከቻው (ፎርም ኤፍኤል 401) የዳኝነት ክፍያ የለውም።

ከልጆቹ አባት ወይም እናት ጋር ስለ አሳዳጊነት፣ ስለ መጎብኘት ወይም ስለ ንብረት ክፍፍል ከሆነ፣ ከሚያዝያ 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሊጋል ኤይድ በመርህ ደረጃ የለም። ዋናው በር የቤት ውስጥ ጥቃት ማስረጃ ወይም ልጅ አደጋ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ ደረጃ 3ን ይመልከቱ።

ፍቺ ብቻ ከሆነና የምትከራከሩበት ነገር ከሌለ ጠበቃ አያስፈልግዎትም። ወደ ደረጃ 5 ይለፉ።

ደረጃ 2፦ የገቢና የሀብት መመዘኛውን ራስዎ ያስሉ

ሦስት ቁጥሮችን ይያዙ፦ ጠቅላላ የወር ገቢ ከ2,657 ፓውንድ አይበልጥም (ከ4 ልጅ በላይ ካለ በአንድ ልጅ 222 ይጨመራል)፤ ከተቀናሾች በኋላ የሚተርፈው ከ733 ፓውንድ አይበልጥም፤ ሀብት ከ8,000 ፓውንድ አይበልጥም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚያገኝ ሰው የገቢውን ፈተና እንዳለፈ ይቆጠራል፤ ሀብቱ ግን ይመዘናል።

የእኛ ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

የባል ወይም የሚስት ገቢ። ሌላው ወገን በጉዳዩ ተቃራኒዎ ከሆነ ገቢው ከእርስዎ ጋር አይደመርም። «ባሌ ብዙ ስለሚያገኝ አይሰጡኝም» ብለው አይተዉት።

ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ። ለእናት፣ ለአባት ወይም ለልጅ መተዳደሪያ በመደበኛነት የሚላክ ከሆነ ምክንያታዊ የሆነው መጠን ከገቢ ሊቀነስ ይችላል። አልፎ አልፎ የተላከና ደረሰኝ የሌለው ግን አይታይም። ደረሰኞቹ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ኪራይ። ጥገኛ የሌለው ብቸኛ ሰው በወር 1,000 ፓውንድ ቢከፍልም የሚቀነስለት እስከ 545 ፓውንድ ብቻ ነው። ልጅ ያለው ሰው ይህ ጣሪያ የለበትም።

ውጭ አገር ያለ ንብረት። አዲስ አበባ በስምዎ ያለ ኮንዶሚኒየም ሀብት ነው። የባንክ ዕዳው ተቀንሶ ይጻፍ እንጂ አይደበቅ። ሲገኝ ሊጋል ኤይዱ ይሰረዛል፣ የወጣው ገንዘብም ሊጠየቅ ይችላል።

እቁብ። ዕጣ ደርሶዎት ባንክ የገባ ገንዘብ እንደ ቁጠባ ይታያል። በየሳምንቱ የሚወጣውንና የሚገባውንም በአንድ ገጽ ያብራሩ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገንዘብ ፋይሉን ያዘገየዋል።

ቪዛ። «ፐብሊክ ፈንድ አይፈቀድም» የሚል ማኅተም ያለበት ሰው ሊጋል ኤይድ ከመጠየቅ አይከለከልም፤ ሊጋል ኤይድ በኢሚግሬሽን ሕጉ የፐብሊክ ፈንድ ዝርዝር ውስጥ የለም። ብዙ ሴቶች በዚህ ፍርሃት ብቻ መብታቸውን ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሊጋል ኤይድ ሁልጊዜ ስጦታ አይደለም። በንብረት ክርክር ቤት ወይም ገንዘብ ካገኙ ወይም የያዙትን ካስጠበቁ፣ መንግሥት ለጠበቃው የከፈለውን ከዚያ ላይ ይመልሳል፤ ይህ «ስታቹተሪ ቻርጅ» ይባላል። ዕዳው በቤቱ ላይ ተመዝግቦ እስኪሸጥ እንዲቆይ ከተፈቀደ በዓመት 8 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል። ስለዚህ መንግሥት እየከፈለ ነው ብሎ በትንሽ በትልቁ መከራከር መጨረሻው ከራስ ኪስ ነው።

ደረጃ 3፦ የጥቃት ማስረጃ ያዘጋጁ

እዚህ ላይ የሚፈለገው ጥቃቱን ለዳኛ ማስረዳት አይደለም። በደንቡ ዝርዝር ውስጥ ያለ አንድ ወረቀት ማቅረብ ነው። አንድ በቂ ነው። ከ2018 ጀምሮ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ከዓመታት በፊት የነበረም ይሠራል። ከዝርዝሩ ለማግኘት ቀለል የሚሉት፦

- መርምሮ ያየዎ ጂፒ፣ ነርስ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ የጻፈው ደብዳቤ
- የጥቃት ተጎጂዎችን ከሚረዳ ድርጅት ወይም ከመጠለያ የተሰጠ ደብዳቤ
- ሌላው ወገን በቤት ውስጥ ጥቃት መታሰሩን፣ ማስጠንቀቂያ መቀበሉን ወይም መቀጣቱን የሚያሳይ የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት
- ቀድሞ የተሰጠ የጥበቃ ትዕዛዝ
- የካውንስል ሶሻል ሰርቪስ ደብዳቤ
- የገንዘብ ጥቃት ከሆነ ይህን የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ወይም መልእክት

የጤና ባለሙያውና የድርጅቱ ደብዳቤ የተወሰኑ ቃላት ሊኖሩት ይገባል። የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ናሙናው ስላለ አትመው ለጂፒው ይስጡት። «ታካሚዬ ጭንቀት አለባት» ብቻ የሚል ደብዳቤ ተመላሽ ይሆናል።

የሽማግሌዎች ወይም የንስሐ አባት ደብዳቤ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሽማግሌዎቹ ያዩትን በኋላ ምስክር ሆነው ሊናገሩ ይችላሉ፤ ሊጋል ኤይዱን ግን አያስከፍቱም።

ደረጃ 4፦ የሊጋል ኤይድ ውል ያለውን ቢሮ ይፈልጉ

ማንኛውም ሶሊሲተር ሊጋል ኤይድ አይሠራም፤ ከመንግሥት ጋር ውል ሊኖረው ይገባል። በመንግሥት ድረ ገጽ የሊጋል ኤይድ ጠበቃ መፈለጊያ ላይ ፖስት ኮድዎን አስገብተው «ፋሚሊ» የሚለውን ይምረጡ። በስልክ ከፈለጉ ሲቪል ሊጋል አድቫይስ 0345 345 4345 ነው፤ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

አንድ ቢሮ «አሁን አንቀበልም» ቢል ሊጋል ኤይድ አይገባዎትም ማለት አይደለም፤ ሞልቶበት ነው። ሌላ ይደውሉ፣ አምስት ስድስት ድረስ። ሲደውሉ ታሪኩን አይጀምሩ፤ «የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ በዚህ ቀን ነው፤ የጥቃት ማስረጃ አለኝ፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ነኝ» ይበሉ። ተቀባዩ የሚፈልገው ይህን ነው።

ማስረጃም በር ባይከፍትልዎ፣ ያለ ጠበቃ መቅረብዎ ሰብአዊ መብትዎን የሚጥስ ከሆነ «ኤክሴፕሽናል ኬዝ ፈንዲንግ» መጠየቅ ይቻላል። ፎርሙ (ሲአይቪ ኢሲኤፍ 1) ያለ ጠበቃም ይሞላል። ቋንቋ አለመቻል፣ የጤና ችግርና የጉዳዩ ውስብስብነት አንድ ላይ ሲሆኑ ጥያቄው ክብደት ያገኛል። የገቢው ጣሪያ ግን እዚህም አለ።

ደረጃ 5፦ ጠበቃ የማያስፈልገውን ሥራ ይለዩ

ሊጋል ኤይድ ካልሆነ ገንዘብ የሚድነው እዚህ ነው።

የፍቺ ማመልከቻ። ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ምክንያት ማቅረብ ቀርቷል፤ በኦንላይን ይሞላል። ክፍያው 612 ፓውንድ ነው። ማመልከቻው ከተመዘገበ 20 ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ትዕዛዝ፣ ከዚያ 6 ሳምንት በኋላ የመጨረሻው ይጠየቃል። ለዚህ ለጠበቃ መክፈል በአብዛኛው ብክነት ነው።

የልጅ ቀለብ። ከፋዩ እንግሊዝ የሚኖር ከሆነ በቻይልድ ሜንቴናንስ ሰርቪስ ይጠየቃል። የማመልከቻ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልገውም።

የልጆች ማመልከቻ (ፎርም ሲ 100)። 263 ፓውንድ ነው። ከዚያ በፊት ሚያም የተባለውን የሚዲዬሽን (በገለልተኛ ሰው የሚመራ ድርድር) መረጃ ስብሰባ መካፈል ግዴታ ነው፤ የጥቃት ማስረጃ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ከሁለታችሁ አንዱ ለሊጋል ኤይድ ከበቃ ስብሰባውም የመጀመሪያው የጋራ ሚዲዬሽንም ለሁለታችሁም በነፃ ነው። የልጆች ጉዳይ ከሆነ መንግሥት ለሚዲዬሽን እስከ 500 ፓውንድ የሚያግዝበት ቫውቸር አሁንም መኖሩን ሚዲዬተሩን ይጠይቁ።

የዳኝነት ክፍያ። «ሄልፕ ዊዝ ፊስ» የሚባለው ማመልከቻ (ኢኤክስ 160) ክፍያውን በሙሉ ወይም በከፊል ያነሳል። ለአንድ ሰው ክፍያው በሙሉ የሚነሳበት የወር ገቢ ጣሪያ 1,420 ፓውንድ ያህል ነው፤ ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 425፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 710 ይጨመራል፤ ከላይ ለጠቀስናቸው ክፍያዎች ቁጠባ ከ4,250 በታች መሆን አለበት። ለምሳሌ የ6 እና የ15 ዓመት ልጆች ያሏት እናት ጣሪያዋ 1,420 + 425 + 710 = 2,555 ፓውንድ ይሆናል። የሚሰጥዎትን ኤችደብሊውኤፍ የሚል ቁጥር ማመልከቻው ላይ መጻፍ አይርሱ፤ ካልጻፉት እንዳልጠየቁ ይቆጠራል። ሳያውቁ ከፍለው ከሆነ እስከ 3 ወር ድረስ ማስመለስ ይቻላል።

የሽማግሌ ስምምነት። ንብረቱን በሽማግሌ ተከፋፍላችሁ ከሆነ መልካም፤ ትልቁ ወጪ ቀረላችሁ። ነገር ግን ወረቀቱ ብቻውን በእንግሊዝ ፍርድ ቤት አያስገድድም። ሶሊሲተር «ኮንሴንት ኦርደር» (ፍርድ ቤት የሚያጸድቀው የስምምነት ትዕዛዝ) አድርጎ እንዲጽፈው በቁርጥ ዋጋ ያሠሩትና በ60 ፓውንድ ለፍርድ ቤት ያስገቡ። የመጨረሻውን የፍቺ ትዕዛዝ ከመጠየቅዎ በፊት ይጨርሱት፤ ያልተዘጋ የንብረት ጥያቄ ከፍቺ በኋላም ከዓመታት በኋላ ሊነሳ ይችላል።

አስተርጓሚ። ሲ 100 ላይ አስተርጓሚ ያስፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ «አማርኛ» ብለው ይሙሉ። ለችሎት ፍርድ ቤቱ ያቀርባል። ለሶሊሲተር ቀጠሮ ግን በግል የሚከፍል ሰው አስተርጓሚውን ራሱ ይከፍላል። ማኅበረሰባችን ጠባብ ስለሆነ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው አያምጡ፤ ልጅዎንም አያስተርጉሙ።

ደረጃ 6፦ የቀረውን ቆርጠው ይግዙ

ሶሊሲተር ሙሉ ጉዳዩን መያዝ የለበትም። «አንባንድልድ» የሚባለው አሠራር የተወሰነ ሥራ በተወሰነ ዋጋ ማሠራት ነው። በልጆች ጉዳይ ገንዘብዎ የሚበቃው ለሁለት ነገር ብቻ ከሆነ እነዚህን ይግዙ፦ የምስክርነት ቃልዎን ማስጻፍ ወይም ማሳረም፣ እና ወሳኙን ችሎት። ለመጀመሪያው ችሎት ጠበቃ ብዙ ጊዜ የግድ አይደለም፤ በዚያ ቀን በአብዛኛው የካፍካስ (ስለ ልጆች ደህንነት ለፍርድ ቤቱ የሚያስረዳው ተቋም) ሪፖርት ይታያል፣ ቀጣዩ መንገድ ይያዛል። ጥቃት አለ ተብሎ ፍሬ ነገሩ የሚጣራበት ችሎትና የመጨረሻው ችሎት ግን ሌላ ነገር ናቸው።

ለችሎት ብቻ ከሆነ ባሪስተር (ችሎት ላይ የሚከራከር ጠበቃ) በቀጥታ መያዝ ይቻላል፤ «ዳይሬክት አክሰስ» ይባላል። ለአንድ ቀን ቁርጥ ዋጋ ይነግሩዎታል። ጉድለቱ፣ ሰነድ ማስገባቱና ደብዳቤ መጻፉ በአብዛኛው በእርስዎ ላይ ይቀራል፤ እንግሊዝኛው የሚከብድዎ ከሆነ ይህን ያስቡበት።

በነፃ ደግሞ፦ አድቮኬት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ባሪስተሮችን ያለ ክፍያ ያገናኛል፣ ግን ሳምንታት አስቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ለጥበቃ ትዕዛዝ ናሽናል ሴንተር ፎር ዶሜስቲክ ቫዮለንስ፣ ለሴቶች ደግሞ ፍሎውስና ራይትስ ኦፍ ዊመን አሉ፤ ሰፖርት ስሩ ኮርት ፎርም በመሙላትና አብሮ በመቅረብ ይረዳል። ጥቃት ባለበት ጉዳይ ሌላው ወገን ራሱ መስቀለኛ ጥያቄ እንዳይጠይቅዎ ሕጉ ይከለክላል፤ ዳኛው ጥያቄውን ብቻ የሚጠይቅ ጠበቃ በመንግሥት ወጪ ሊመድብ ይችላል። ይህ ሰው የማንም ወገን ጠበቃ አይደለም፣ ምክርም አይሰጥዎትም።

ደረጃ 7፦ ከመፈረምዎ በፊት የሚጠየቁ

ብዙ ቢሮዎች የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ይሰጣሉ። በዚያ ጊዜ እነዚህን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

1. የሰዓት ዋጋው ስንት ነው? ቫት ይጨምራል? (ቫት 20 በመቶ ነው፤ 250 የተባለው 300 ይሆናል።)
2. ሥራውን በትክክል የሚሠራው ማን ነው፣ እርስዎ ወይስ ዋጋው ዝቅ ያለ ረዳት?
3. እስከሚቀጥለው ችሎት ድረስ ጠቅላላው ስንት ይደርሳል? ሳይነግሩኝ የማይታለፍ ጣሪያ እናድርግ?
4. ባሪስተር፣ አስተርጓሚ፣ ትርጉም፣ የዳኝነት ክፍያ በዚህ ውስጥ አሉ ወይስ ለብቻ?
5. በወር በወር መክፈል ይቻላል? ቅድሚያ የማስገባው ስንት ነው?

ከዚያ «ክላየንት ኬር ሌተር» የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። ዋጋውና የሥራው ወሰን እዚያ ካልተጻፈ አይፈርሙ። የሶሊሲተሩን ስምም በተቆጣጣሪው በሶሊሲተርስ ሬጉሌሽን ኦቶሪቲ መዝገብ ላይ ይፈልጉት። ኢሚግሬሽን የሚሠራ አማካሪ ወይም «ወረቀት የሚሞላ» ሰው የቤተሰብ ክርክር ሊይዝልዎ አይችልም። ማኬንዚ ፍሬንድ የሚባለውም ከጎንዎ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል እንጂ ዳኛው ካልፈቀደ አይናገርልዎትም።

ደረጃ 8፦ ቢሉን ዝቅ ያድርጉ

ሶሊሲተሮች ሰዓታቸውን በ6 ደቂቃ ይሸነሽናሉ። በሰዓት 250 ፓውንድ ከሆነ አንዷ 6 ደቂቃ ከነቫቱ 30 ፓውንድ ናት፤ የሁለት ደቂቃ ስልክም እንደ አንድ ይቆጠራል። በሳምንት አምስት አጫጭር መልእክት የላከ ሰው 150 ፓውንድ ከፈለ። አምስቱንም ጥያቄ ቁጥር ሰጥቶ በአንድ ኢሜይል የላከው በ30 ወይም በ60 ይጨርሳል።

የቴሌግራምና የዋትሳፕ መልእክት ሁሉንም አያስተርጉሙ። ትርጉም በቃል ወይም በገጽ ስለሚከፈል፣ ቀን የተጻፈበትን ስክሪን ሾት ይዘው አሥሩን ወሳኝ ይምረጡ፤ ጠበቃው ካየው በኋላ ብቻ ያስተርጉሙ። ሰነድ ሲልኩ ፎቶ በፎቶ ሳይሆን በአንድ ፋይል፣ ገጽ ተቆጥሮ ይሁን፤ የተበተነውን የሚለቅመው ሰው በሰዓት ይከፈለዋል።

ሐዘንዎን ለጠበቃው አይንገሩ። ጨካኝ ምክር ይመስላል፤ ግን ጠበቃው ያዳምጣል፣ ሰዓቱም ይቆጥራል። ለዚህ ወዳጅ፣ ዘመድና ጂፒው አሉ።

ደረጃ 9፦ ሌላው ወገን እንዲከፍል መጠየቅና ብድር

ባለትዳሮች በፍቺና በንብረት ክርክር ላይ ሆነው አንደኛው ገንዘብ ያለው፣ ሌላኛው ምንም የሌለው ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ያለው ለሌላኛው ጠበቃ ክፍያ እንዲሰጥ ሊያዝ ይችላል። ትዕዛዙ «ሊጋል ሰርቪስስ ፔይመንት ኦርደር» ይባላል። ዳኛው የሚጠይቀው በሌላ መንገድ ገንዘብ ማግኘት አለመቻልዎን ነው፤ ስለዚህ ከሁለት የታወቁ አበዳሪዎች የተከለከሉበትን ደብዳቤ ይያዙ።

ብድር የመጨረሻው ነው። ከዘመድ ከሆነ ቀኑንና መጠኑን ያኔውኑ በጽሑፍ ያድርጉት፤ በኋላ በንብረት ክፍፍል ላይ «ብድር ነው» ቢሉ ያለ ወረቀት ስጦታ ነው ሊባል ይችላል።

የተለመዱ ስህተቶች

«ካሸነፍኩ የጠበቃዬን እሱ ይከፍላል» ማለት። በቤተሰብ ፍርድ ቤት በመደበኛው ሁሉም የራሱን ይከፍላል፤ ሌላው የሚከፍለው አካሄዱ እጅግ ያልተገባ ሲሆን ነው።

«ካላሸነፍን አትከፍሉም» የሚል ጠበቃ መፈለግ። ይህ ውል በቤተሰብ ጉዳይ በሕግ የተከለከለ ነው። የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ ይራቁት።

ጠበቃ እስኪገኝ ብሎ ቀጠሮ መቅረት። ዳኛው እርስዎ በሌሉበት ሊወስን ይችላል። ብቻዎንም ቢሆን ይቅረቡ፣ ጊዜ ይጠይቁ፣ ሊጋል ኤይድ ያመለከቱበትን ወረቀት ያሳዩ።

ሊጋል ኤይድ ከተፈቀደ በኋላ ለውጥን አለማሳወቅ። ሥራ ከጀመሩ፣ እቁብ ከደረሰዎ፣ ከሰው ጋር መኖር ከጀመሩ ለሶሊሲተርዎ ይንገሩ።

ቢሉ ከተነገርዎ በላይ ከመጣ

መጀመሪያ ዝርዝሩን ይጠይቁና ከደብዳቤው ግምት ጋር ያመሳክሩ። ካልተስማሙ ለቢሮው በጽሑፍ ቅሬታ ያስገቡ፤ 8 ሳምንት አላቸው። መልሱ ካላረካዎ ወይም ካልመጣ ወደ ሊጋል ኦምቡድስማን (በጠበቆች ላይ የሚቀርብ ቅሬታን የሚያይ አካል) ይሂዱ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ የመጨረሻ መልስ ከደረሰዎ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ቢሉን ፍርድ ቤት እንዲመረምረው መጠየቅም ይቻላል፤ በመብት የሚጠየቀው ቢሉ በደረሰ በ1 ወር ውስጥ ነው። ስለዚህ ተናዶ መሳቢያ ውስጥ መጣል አያዋጣም፤ የደረሰበትን ቀን ቢሉ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ።